እህት ከጠየቀች

ሲስተር ሲሊያ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ መጀመሪያ በልቧ፣ ቀጥሎ ጮክ ብላ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ጀርባውን ሰጥቶ ለቆመው ሐኪም።

ሎሴሊ ዐይኗን ጨፍናለች። የሚዛኑ ብረት ባዶ እግሯን ያቀዘቅዘዋል። ከወገቧ የፈታችው የሰሌን ምንጣፍ ተጠቅልሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። በአገሩ ልማድ አዋቂ ሰው እሱን በቀሚሱ ላይ ሳይታጠቅ ቢሮ አይገባም፤ ቀሚስ ለብሳም ቢሆን ራቁቷን የቆመች መሰላት።

«እትዬ ሎሴሊ፣ ይግለጡ እንጂ ዐይንዎን!» አለች ነርሷ። «ከወሰኑ በታች ነዎት! እኔ እዚህ ላይ ብወጣ እኮ ኒውዚላንድ ቀርቶ ማዶ ደሴት የምታደርሰዋ ጀልባም አታሳፍረኝ።»

ሎሴሊ ሳቀች፤ የሚዛኑ መርፌም አብሯት ተወዛወዘ።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ሚዛን ላይ ስትቆም ማንም አልሳቀም ነበር። ባሏ ሳቴኪ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ የአናጢነት ሥራ አግኝቶ፣ ለእሱ፣ ለእሷና ለሁለቱ ልጆቻቸው አንድ ላይ አመልክቶ ነበር። የዚያ አገር ሕግ ግን የሚመጣው ሰው ነገ ሆስፒታሉን ስንት እንደሚያስወጣ ዛሬ ያሰላል። ክብደት አንዱ መለኪያ ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከወደቀ ደግሞ ሁሉም ይወድቃሉ። ያኔ ለሎሴሊ የተሰጣት መልስ እምቢታ አልነበረም፤ ቀንሰሽ ተመለሺ የሚል ነበር። አሁን ጊዜው እያለቀ ነው። ትልቋ ልጇ ሜሌናይቴ ጥቂት ወራት ካለፉ አዋቂ ትባልና በአባቷ ማመልከቻ ውስጥ መቆጠሯ ይቀራል።

ስለዚህ ሎሴሊ ተራበች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለው ሥጋ የኮኮናት ወተቱን እያንጠባጠበ ከጋለው ድንጋይ ላይ ሲወጣ፣ እሷ የተቀቀለ ጎመን ይዛ ጥግ ትቀመጣለች። ሜሌናይቴም «ብቻሽን ከተውኩሽ ትሰርቂያለሽ» እያለች እየሳቀች አብራት ጎመን በላች። በደሴቱ ከተማ በኑኩአሎፋ የሴት መክሳት የባሏ ነውር ነው። የመዘምራኑ ሴቶች አንዱን እሁድ ሳቴኪን በር ላይ ይዘው፣ «ሚስትህን ግማሿን ለማን ሸጥካት?» ብለውታል። አማቷ ደግሞ ትን እስኪላት ስቃ፣ «ተዉት፣ ግማሿን በፖስታ ቀድሞ ልኳት ነው» አለች። ሎሴሊ ምንም አልመሰላትም። ቀሚሷ በየሳምንቱ ይሰፋታል። ውሃ ብቻ ይጠማታል፤ ጠዋትም ማታም ይጠማታል። ከጾሙ ነው ብላ ትጠጣለች።

ነርሷ እጇን ይዛ ከሚዛኑ አወረደቻት። ከመጋረጃው ወዲያ ወረቀት ተገለጠ።

ሐኪሙ ኬፑኤሊ የሎሴሊ የእናቷ እህት ልጅ ነው። የአክስት ልጅ ማለት ወንድም ማለት ነው። ወንድምና እህት ደግሞ ካደጉ በኋላ በአንድ ክፍል አይቀመጡም፤ ስለ ገላ አንዱ ሌላው ፊት አያወራም። ለዚህ ምርመራ የተፈቀደለት ሐኪም ግን በከተማው ከእሱ በቀር የለም። ስለዚህ ነርሷ ትለካለች፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይሰማል። ቃልም የሚሻገረው በነርሷ በኩል ነው።

ሌላም ሥርዓት አለ። እህት ከወንድሟ በላይ ናት። እህት ከጠየቀች ወንድም እምቢ አይልም። አሳማውን ብትጠይቀው አሳማውን፣ ቤቱን ብትጠይቀው ቤቱን ይሰጣል። ዛሬ ጠዋት ሳቴኪ መኪናውን እየነዳ፣ ዐይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «ምናልባት ትንሽ ቢያልፍ ጠይቂው» ብሏታል። «አንቺ ከጠየቅሽ የት ይገባል?»

«ሲስተር» አለ ሐኪሙ በመጨረሻ። «እህቴን ይቀመጡ በያቸው።»

«ይቀመጡ ይላሉ» አለች ነርሷ፤ ሎሴሊ ያልሰማች ይመስል።

«የቀነሱት ከምግቡ ብቻ አይደለም በያቸው። ስኳር ነው። ብዙ ዓመት ሳይታወቅ የቆየ ስኳር። ሰውነታቸው ራሱን እየበላ ነው የከሱት። የደምና የሽንታቸው ውጤት ደርሷል። ኩላሊታቸው እየደከመ ነው።»

«ኩላሊትዎ…» አለች ነርሷ፤ ሳትጨርሰው የሎሴሊን ትከሻ ያዘች።

ሎሴሊ ጭኗ ላይ ያሉትን እጆቿን አየች። ሲቀጥኑ እያየቻቸው የከረሙ እጆች ናቸው። ቀለበቷ ወደ አውራ ጣቷ ከተዛወረ ቆይቷል። በየጠዋቱ ለዚህ ነበር አምላክን የምታመሰግነው።

«ስንት ጊዜ አለኝ በይው።»

«ሁለት ዓመት። ቢበዛ ሦስት። ከዚያ በኋላ ደማቸውን የሚያጥብላቸው ማሽን ያስፈልጋል።»

«ማሽኑ የት ነው በይው።»

በደሴቱ ላይ ይህን የማያውቅ የለም። ማሽኑ ያለው፣ ማሽን እንደማትፈልጊ አረጋግጠሽ ነይ በሚላት አገር ነው።

ከመጋረጃው ሥር ጫማዎቹ ይታያሉ። የግራው ተረከዝ ከወለሉ ተነስቶ በፍጥነት ይንቀጠቀጣል። ጥያቄዋን እየጠበቀ እንደሆነ ለሎሴሊ ገባት።

«ሲስተር» አለ። «እህቴ የሚጠይቁኝ ነገር ካለ ይጠይቁኝ በያቸው። እምቢ አልልም።»

የነርሷ ፊት ተለወጠ። ምን እንዳለ ሦስቱም ያውቃሉ። ከጠየቀችው የሌላ ሰው ደም በእሷ ስም ይላካል። ከታወቀ ሐኪሙ ፈቃዱን ይነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ባሕር ማዶ ያለ ልጁ ጋ መሄድ የሚፈልግ የዚህ ደሴት ሰው ሁሉ ለምርመራ በአውሮፕላን ጎረቤት አገር ፊጂ ድረስ መሄድ ሊኖርበት ነው። ባይታወቅ ደግሞ አራቱም ይሄዳሉ። አንድ ቃል ብቻ ነው። ሎሴሊ ቃሉን ምላሷ ላይ አገኘችው። ክብደቱንም አወቀችው። ኦክላንድም እንደ ደረሰች የሆነ ቀን፣ የሆነ ሐኪም ክንዷን ዘርግቶ የራሷን ደም ይቀዳል። ያን ጊዜ ሳቴኪም ልጆቹም በውሸት እንደገቡ ይቆጠራሉ።

የኩላሊቷን ነገር ሳቴኪ ቢሰማስ? አይሄድም። መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ አጠገቧ ይቀመጣል። ስታልቅ ያያል። ሜሌናይቴ ታስታምማታለች፤ ዕድሜዋም እዚያው አልጋው ሥር ያልፋል። ክብደት ነው ከተባለ ግን ይናደዳል። የተናደደ ሰው መሄድ ይችላል።

«ጥያቄ አለኝ በይው።»

ተረከዙ ቆመ።

«ያየውን አይለውጥ። ብቻ አይላከው። ስሜን ከማመልከቻው አስወጣለሁ። ባሌ ከጠየቀው ሚዛኑ ነው ይበል። ወፍራ ተገኘች ይበል።»

«እትዬ!» አለች ነርሷ።

«በይው።»

ማለት አላስፈለገም። ሐኪሙ ሰምቷል።

«ሌላውን ይጠይቁኝ በያቸው። ይህንን አልችልም… ሌላውን ይጠይቁኝ።»

«ጠይቄያለሁ፣ ኬፑ» አለች ሎሴሊ፤ በቀጥታ ለእሱ። ልጆች ሆነው ከተለያዩ ወዲህ ስሙን ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው።

«እሺ» አለ ለግድግዳው።

ነርሷ የሰሌን ምንጣፉን ልታስታጥቃት ጎንበስ አለች። ከመክሳቷ የተነሳ ሁለቱ ጫፎች ተደራርበው ጀርባዋ ጋ ደረሱ። «ላላ አድርጊው» አለቻት ሎሴሊ። «ወፍራም ላስመስል።» ነርሷ ቀና ብላ አላየቻትም።

ሳቴኪ ፒክአፑ ውስጥ በጣቶቹ መሪውን እየመታ ይጠብቃል። ሜሌናይቴ ከኋላ ወንበር አንገቷን በመስኮቱ አስግጋለች።

«እህስ?» አለ ሳቴኪ።

«አለፈ።»

«ምኑ?»

«ሚዛኑ። ከወሰኑ በላይ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አያት። «እንዴት ተደርጎ? ቀሚስሽ ውስጥ አንዲት ጎረቤት ትገባለች እኮ!»

«እበላ ነበር።»

«የት?»

«እናትህ ቤት። እሁድ እሁድ፣ ሳህን ሳጥብ፣ ከድስቱ ሥር የቀረውን።»

ሳቴኪ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። «ጠየቅሽው?» አለ። «ወንድምሽን፣ ጠየቅሽው ወይ?»

«ስለ ገላዬ ወንድሜን አልለምንም።»

«ለአንድ ቃል!» መሪውን በመዳፉ መታው። «አፍሽን ለመብላት ከፍተሽ ለአንድ ቃል ዘጋሽው!»

ጥሩ ነው፣ አለች በልቧ። እንዲህ ነው። «ስሜን አውጣው» አለችው። «ወረቀት ላይ እንለያይና ልጆቹን ይዘህ ሂድ። የሜሌናይቴ ዕድሜ ሳያልፍ። እኔ ቀንሼ እከተላችኋለሁ።»

ሞተሩን አስነስቶ ነዳ። ከገበያው አለፍ ብሎ ዶሮ የሚጠበስበት ቦታ አቆመና በሩን በርግዶ ወረደ። ሲመለስ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ነገር ጭኗ ላይ ጣለላት።

«ብዪ» አለ። «ከእንግዲህ ማን ይከለክልሻል?»

ከዚያ ሄዶ የባሕሩ ግንብ ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ።

ሎሴሊ ወረቀቱን ገለጠችው። ቅባቱ ቀሚሷን አረጠበው።

«እማ» አለች ሜሌናይቴ ቀስ ብላ። «እሁድ እሁድ ሳህን የማጥበው እኔ ነኝ።»

ሎሴሊ ዶሮውን በእጇ ለሁለት ገነጠለችው። ሥጋ የበዛበትን ወደ ኋላ ዘረጋችላት።

«ያዢ።»

«እማ፣ ምንድን ነው ያሉሽ?»

«ያዢ አልኩሽ፤ ብዪ። አባትሽ ሊዞር ነው።»

ልጅቷ አልተቀበለችም። የእናቷ ክንድ በሁለቱ ወንበሮች መሃል እንደተዘረጋ ቆየ፤ ቅባቱ በክርኗ ወረደ። ከዚያ የልጅቷ እጅ መጣና ተቀበላት።

ሳቴኪ ፊቱን ወደ መኪናው ሲመልስ ሁለቱም ያኝኩ ነበር።