የአለበል ጆሮ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ካርቡሬተር ያለው መኪና የቀረው ሰው ሁሉ አለበልን ያውቀዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞተር ያስተካከለው በኮምፒውተር አይደለም፤ በጆሮው ነው። ታዲያ ከአምና ጀምሮ ያ ጆሮ እየከዳው መምጣቱን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ቢታወቅበት ጋራዡን ማን ይረግጥለታል?

ዛሬ የመጣችው የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ሰማያዊ ቮልስ ናት። መሪጌታ ዜማ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገ ደብረ ወርቅ ሊሄዱባት አስበዋል። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አርጅቷል። አለበል ጠረጴዛው ላይ ሁለት ምትክ አስቀምጧል፤ አንዱ የሚያብረቀርቅ አዲስ፣ ሌላው ከቆመች ቮልስ የተፈታ፣ ጎኑ ላይ በሞተሩ የአየር ስበት የሚሠራ ክብ የቫኪዩም ቆርቆሮ ያለው። አዲሱ ቫኪዩም የለውም። ሰው አዲስ ነገር ይወዳልና አዲሱን ገጠመው። ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ትንሽ ቢዘገይበት፣ እሳቱ ቀደም ብሎ እንዲነሣ አደረገለትና ተስተካከለ።

“ነይ እስቲ እንፈትንሽ” አላት መኪናዋን። መሪጌታን ከጎኑ አስቀምጦ ወደ ጨሞጋ ወንዝ ወረደ።

መመለሻው ዳገት ላይ ቮልሷ ጥሩ አድርጋ ጎተተች፤ አለበል ደስ አለው። መሪጌታ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ቋ አደረጉት። ትንሽ ቆይተው ደገሙ። ተማሪ ዜማ ሲያበላሽባቸው የሚያደርጉት ነው፤ አፋቸው ሳይናገር እጃቸው ያርማል። አለበል ነዳጅ ሲረግጥ ይመታሉ፣ ሲለቅ ይተዋሉ። ያኔ ገባው። ሞተሩ እያንኳኳ ነው፤ እሱ አልሰማም።

ዝም ማለት ይችል ነበር። ቮልሷ ነገ ደብረ ወርቅ ትደርስ ይሆናል፤ ውሎ አድሮ ግን ፒስተኗ ይበሳል። ዳር ይዞ ቆመ።

“የኔታ፣ ምን ሰምተው ነው?”

“ጣሳ ውስጥ የተናጠ ጠጠር ይመስላል። አንተ አልሰማኸውም እንዴ?”

“አልሰማሁም” አለ አለበል።

ጋራዡ ሲመለሱ አሮጌውን ገጠመ። ቫኪዩሙ ረጋ ባለ መንገድ ላይ እሳቱን ያስቀድማል፣ ዳገት ሲመጣ ደግሞ እንዳያንኳኳ ያዘገየዋል፤ ለዚህ አገር የሚሆነው ለካ እሱ ነበር። እንደገና ጨሞጋ ወረዱ፣ እንደገና ወጡ። መቋሚያው ንቅንቅ አላለም።

ጋራዡ ደጃፍ ላይ ደንበኛው የሺዋስ ላንድሮቨሩን አቁሞ ይጠብቃል፤ ሞተሩን ሊያስደምጥ ከሉማሜ ነው የመጣው።

“ጋሼ አለበል፣ ያቺን ጆሮዎን ለእኔም ያውሱኝ!”

መሪጌታ ቀደም ብለው፣ “አዎ፣ እሱ እንደሆነ ምንም አያመልጠውም” አሉ።

አለበል አያቸው። እኚህን የመሰሉ ሰው ለእሱ ሲሉ መዋሸታቸው አላስችለው አለ።

“አምልጦኛል” አለ። “ጆሮዬ ደክሟል፣ የሺዋስ። የኔታ ናቸው የሰሙልኝ።”

የሺዋስ ግራ ገባው። ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ አንዴ አለበልን፣ አንዴ መሪጌታን አየ።

“ታዲያ የእኔን ማን ሊሰማልኝ ነው?”

“አንተው ራስህ። የምትሰማውን ትነግረኛለህ፤ እጄ እንደሆነ ደህና ነው” አለና አለበል ኮፈኑን ከፈተ።

የሺዋስ ሞተሩን አስነሥቶ ወረደ፤ ከአለበል ጎንም ጎንበስ አለ።