ከፕሉቶ የሚመጣ ወሬ

ሃዳስ የበሩን ቁልፍ ኪሷ ውስጥ፣ የአያቷን ስልክ ደግሞ ሩዝ ዕቃ ውስጥ ደብቃ፣ በእስራኤሏ ረሖቮት ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ታስራለች። ማን አሰራት? ቤተ ዘመዱ ነዋ! ጎንደር ሆነው ወደ እስራኤል መግባትን ሲጠባበቁ የኖሩት ሸጋው፣ የአያቷ ታናሽ ወንድም፣ ሌሊቱን አርፈዋል። መርዶ ደግሞ ወግ አለው። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ግራና ቀኝ ደግፈው ይነግሯቸዋል። እስከዚያ ድረስ አያቷ አባባ ተዘራ አንዲት ቃል መስማት የለባቸውም።

ምነው ሌላ ቀን በሆነ! ዘጠኝ ዓመት የተጓዘችው መንኮራኩር ፕሉቶን የምታልፈው ዛሬ ነው። ሃዳስ ስለዚያች በረዷማ ዓለም ስታጠና ወጣትነቷን ፈጅታለች። ጓደኞቿ ቂርያት ቫይዝማን የሳይንስ ማዕከል ተሰብስበው ስክሪን ላይ አፍጥጠዋል፤ እሷ እዚህ በር ትጠብቃለች።

«ማክሰኞ አይደለም እንዴ? ሸጋው የሚደውልበት ቀን ነው። ስልኬ የት ገባ?» አሉ አባባ ለስንተኛ ጊዜ።

«ቻርጅ ላይ ነው አባባ፣ ቤሰደር? እሺ?»

«እንግዲያው ዋጋዬ ቤት ልውረድ።»

ጎረቤታቸው ዋጋዬ ሰምታለች፤ ገና ስታያቸው ልቅሶውን ነው የምታቀልጠው። ሃዳስ ደንግጣ ላፕቶፗን ከፈተች።

«ይልቅ ይቺን ይዩ። አሁን፣ በዚች ደቂቃ ፕሉቶን እያለፈች ነው። ድንጋይ ካልመታት።»

«ታዲያ የታለች?»

«አትታይም። ፎቶ በማንሳት ስለተጠመደች፣ ሩቅም ስለሆነች ወሬዋ ቶሎ አይደርስም። መትረፍ አለመትረፏን የምንሰማው ነገ ሊነጋ ሲል ነው።»

እውቀቷ አኩርቷት ነበር፣ ሞኝ!

አባባ ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። «የሆነው ሆኗላ። ያልሰማን እኛ ብቻ ነን።»

«አዎ።»

«የምንሰማውም ሲነጋ ነው።»

አባባ ራሳቸው ለስንቱ ሰው መርዶ ያረዱ ሽማግሌ ናቸው፤ የተደበቀ ስልክና የተቆለፈ በር ይጠፋቸዋል? የሃዳስ እንባ ቀደማት።

«አትንገሪኝ» አሉ እጇን ይዘው። «እነሱ ይንገሩኝ። እንዳልሰማ እሆንላቸዋለሁ፤ አንቺንም አይቆጡሽም።»

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞሩ። «መንኮራኩሯ ሰው አለባት?»

«የለም አባባ። ማንም የለባትም።»

የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አነሱ፣ መልሰው አወረዱት። ማልቀስ ግን አልቻሉም፤ መርዶውን ገና አልተረዱማ።