እምቢ ያልኩባት ጀልባ

ተደፍታ ነበር፣ ጀልባዋ... ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ፣ አፏን አሸዋ ላይ ደፍታ። ጣና አጠገቧ እያለ፣ ጠብታ ሳይነካት።

ባለቤቴ ይስማው ነው የሠራት፣ ከዋንዛ ጣውላ፣ በገዛ እጁ። ሞተር ገጥሞላት ሰው ሲያመላልስባት ኖረ። እሱ ሲሞት ወንድሙ ፈንታ ከውሃ አወጣት። በእኛ አገር ታንኳ የሚሠራው ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ይበሰብሳል። ፈንታም የሚያውቀውን አደረገ፤ ደፍቶ አደረቃት። ዋንዛው ግን ዓመት ባለፈ ቁጥር ተሰነጣጠቀ። ለእሷ ብሎ ነው፣ ክፉ አስቦ አይደለም።

በመጨረሻ ትፈለጥ አለ። ማገዶ እንኳ ትሁነን አለ።

እምቢ አልኩ እኔ።

ሴት ከጀልባ ምን አላት አሉ። እምቢ አልኩ። ሐዘኑ ናላዋን አዙሮት ነው አሉ። እሰይ፣ ይዙር! እምቢ አልኩ።

ፋቅኋት... መዳፌ እስኪላጥ ፋቅኋት። የበሰበሰውን ጣውላ ነቅዬ አዲስ መታሁ። በየስንጥቁ ጥጥ ጠቀጠቅሁ፣ ሬንጅ አፍልቼ ለቀለቅሁ። የዛገውን ሞተር ፈታትቼ በናፍጣ አጠብኩት። መዶሻ ለይስማው ሳቀብል ነው ዕድሜዬ ያለቀው፤ ማን ሊያስተምረኝ ነው?

ፈንታ ግን አልተረታም። ውሃ ላይ ካልቆመች እፈልጣታለሁ አለ፣ መንደሩ እየሰማ። እሺ አልኩ። ያን ጊዜ ብቻ እሺ አልኩ።

ሞተሩን ዳር አስቀምጬ ውስጧ ተቀመጥኩ። ገፉልኝ። ጣና ገባች... ውሃውም እሷ ውስጥ ገባ። ቁርጭምጭሚቴን አለፈ፣ ጉልበቴን አለፈ። ዳር የቆመው ሁሉ አውጧት ይላል። ፈንታ እስከ ደረቱ ገብቶ ገመዷን ያዘ፣ እንባው እየወረደ።

«ባንቺአምላክ፣ እቴ፣ በቃሽ። ሰመጠች እኮ።»

«አልሰመጠችም። ጠምቷት ነው። ልቀቃት፣ ትጠጣ።»

ጣውላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ስንጥቁ ይገጥማል። ይስማው ያኔ አዲስ ሳለች መጀመሪያ አሰመጣት፣ ከዚያ ነው ሰው የጫነባት። ፈንታ ይህን አላየም፤ እኔ አይቻለሁ።

ጠጣች... ውላ አድራ ጠጣች። ከውስጧ ወጥቼ፣ ማንም እንዳያወጣት ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። ፈንታም መጥረቢያውን አጠገቡ አጋድሞ ተቀመጠ።

ከዚያ በቅል ጨለፍኩ... ጨለፍኩ... ውሃው ጎደለ፣ ጎደለ፣ አልተመለሰም።

ፈንታ ገብቶ ወለሏን ዳሰሰ፣ ደጋግሞ ዳሰሰ። መዳፉን አየው፤ ደረቅ ነው። ቀና ማለት አቃተው።

«እንግዲያ እኔ ነኛ ያበላሸኋት? የወንድሜን ጀልባ?»

ለዚህም እምቢ አልኩ። የደረቅነው ሁላችንም ነን አልኩት፣ ይስማው ከሄደ ወዲህ። ይልቅ ሞተሩን አቀብለኝ አልኩት።

አቀበለኝ። ገመዱን ስስበው ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ስስበው ተነሣ።

ሄደች... ሆዷን ለጣና ሰጥታ፣ አፏን ለሰማይ ከፍታ። እኔ መሪው ላይ፣ ፈንታ ከፊቴ፣ መጥረቢያው ዳር ቀርቶ።