በዳቦ ውስጥ ያለው ጨው

ጋጋሪው ጨው ካቆመ አራት ወር ሆነው። ሠላሳ ዓመት ምድጃ ፊት የቆመ ሰው ነው። ደም ግፊት አለብህ ሲባል ክው ብሎ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ጨው ጠራርጎ ለጎረቤት ሰጠ። ሚስቱም «ብቻህንማ አትቀጣም» ብላ ጣዕም የለሹን ምግብ አብራው ትበላ ጀመር።

ግፊቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ «መድኃኒቱን እየዘለሉ ይሆናል» ብሎ ቢጠረጥረው፣ እሱ በፈንታው ሚስቱን ጠረጠረ። አንድ ቀን እራት ላይ ማንኪያውን ወርወር አድርጎ፣

«ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ትዋሺኛለሽ! ደብቀሽ ትጨምሪበታለሽ!» አላት።

እሷ ሳህኗን አንስታ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ከሰላምታ የዘለለ ወሬ ጠፋ።

በቀጠሮው ቀን አንዲት ነርስ መጠይቅ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ለአንድ ሰው በቀን የሚመከረው ጨው ስንት ነው?»

«ከአምስት ግራም አይለፍ። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ያውም ያልተቆለለ!»

«ጎበዝ! ከጠዋት ጀምሮ ሃያ ሁለት ሰው ጠይቄ እርስዎ ብቻ አወቁት። አንዱማ ‹እንደ ምላሳችን ነው› አሉኝ። እርስዎስ ስንት ይወስዳሉ?»

«ዜሮ!»

«እስቲ ትናንት የበሉትን ይንገሩኝ።»

«ጠዋት ትኩስ ዳቦ፣ አንድ። ከዚያ ከምድጃ በወጣ ቁጥር እቀምሳለሁ፤ ካልቀመስኩ ምኑን ጋጋሪ ሆንኩት? ምሳዬም ዳቦ በሻይ ነው። በጠቅላላው አምስት ቢሆን ነው።»

«ዳቦው ጨው አለው?»

«ያለ ጨውማ ሊጡ መች ይይዛል፣ ልጄ? ይልፈሰፈስና...» አለና አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ለአንድ ጆንያ ዱቄት አንድ ኪሎ ጨው። ከአንድ ጆንያ ሰባት መቶ ዳቦ። ነርሷ በወረቀቷ ጀርባ ስታሰላው አምስቱ ዳቦ ብቻውን ሰባት ግራም ሆነ።

«በገዛ እጄ እያቦካሁት!» አለ ግንባሩን ይዞ።

«እኛም ከድስቱ ቀንሱ እንላለን እንጂ ዳቦውን መች አነሳንልዎ» አለችው ዝግ ባለ ድምፅ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ልብስ ታጣጥፋለች። ደጃፉ ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራት። መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች። «እኔ አራት ወር ምላሴ ደንዝዞ፣ አንተ ዳቦ ቤት ጨው ስትግጥ!» ከዚያ ሳቁ ወደ እንባ ዞረ።

«ይቅር በይኝ» አላት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንግዳ ሆነበት።

«ጨውስ ይሁን። እኔን ግን ውሸታም ማለትህ!»

አጠገቧ ተቀምጦ አንሶላውን በአንድ ጫፍ ያዘላት።

ከዚያ ወዲህ ቅምሻው ቁራሽ ብቻ ሆነ፤ የሊጡንም ጨው በየሳምንቱ ቆንጠር እያደረገ ቀነሰ። ከደንበኞቹ አንድም ሰው ልብ አላለውም። በሁለተኛው ወር ሚስቱን አስከትሎ ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ ማመን አቅቶት ደግሞ ለካው።

«ወርዷል። ገና ይቀረዋል፣ ግን ወርዷል።»

«ሰማሽ?» አላት ጋጋሪው።

«ሰምቻለሁ፣ ክንድህን አታንቀሳቅስ» አለችው።