የክትባቱ ዋስ

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከቦርከና ወንዝ አፋፍ ላይ በተደረደረው ሰፈር፣ ጋሽ ደሳለው ዋስ ያልሆኑለት ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ባልና ሚስት ሲታረቁ ዋሱ እሳቸው ናቸው። ተከራይ ከአከራይ ሲዋዋል፣ ጎረምሳ ተደባድቦ ጣቢያ ሲያድር፣ ኮታቸውን ደርበው ብቅ የሚሉት እሳቸው ናቸው። ከፋብሪካ ጥበቃነት በጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ባሰባቸው፤ «ጋሽ ደሳለው ካሉበትማ» ሲባል መስማት ከምሳ ይበልጥባቸው ጀመር። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን የማይወጣው ነገር ውስጥ መግባቱ አይቀርም። እሳቸውም ገቡ።

ነገሩ የመጣው ከደሴ ነው። ዶክተር ደምመላሽ የሚባል ልጅ እግር ሐኪም ባልደረቦቹን ይዞ ወረደና የሰፈሩን ወላጆች ቀበሌው አዳራሽ ሰበሰበ። የመጣው ስለ ቢልሃርዝያ ሊያወራ ነበር፤ ወንዝ ውስጥ ካለች ቀንድ አውጣ ወጥቶ በእግር ቆዳ ስለሚገባው፣ ሰው ሆድ ውስጥ ስለሚዋለደው ትል። የሚዋጥ መድኃኒት አለው፤ ግን ውጦ የዳነ ልጅ ተመልሶ ወንዝ ሲገባ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ ክትባት ተሠርቷል፣ የቀረው መሞከር ነው አለ። ልጆቹ በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ የጨው ውሃ ይወጋሉ፤ ማን የቱን እንደተወጋ ወላጅም ልጁም ወጊውም አያውቁም። መጨረሻ ላይ ክትባቱ መሥራቱ ከታየ፣ የጨው ውሃ የደረሳቸውም እውነተኛውን ይወጋሉ። ይሥራ አይሥራ ግን ገና እንደማይታወቅ ደጋግሞ ተናገረ። ጋሽ ደሳለውም ሰምተዋል። ዳሩ ግን ሰው አጥብቆ የሚሰማው የሚወደውን ነው፤ እሳቸው ይዘውት የቀሩት «ክትባት ተሠርቷል» የሚለውን ብቻ ነበር።

ከወላጆቹ መካከል ከሪማ ነበረች። ከኩታበር ገጠር መጥታ ፋብሪካ የተቀጠረች፣ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። የበኩር ልጇ ጣሀ ሆዱ ተነፍቶ፣ ደም እያስታወከ፣ ወደ ደሴ ሲወሰድ ሐረጎ ዳገት ላይ እቅፏ ውስጥ አርፏል። የገደለው ይኸው ትል ነው። አሁን የቀረቻት ሀናን ብቻ ናት። ሁሉም ሲያጉረመርም ከሪማ ተነሥታ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ዶክተር፣ እኛ አንተን አናውቅህም። ነገ ብትሄድ ማንን እንይዛለን? ዋስህ ማነው?»

ዶክተሩ ስለ ፈቃድና ስለ መድን ዋስትና፣ ሥራውን ስለሚቆጣጠረው ኮሚቴ አስረዳ። ለዚህ ሰፈር ዋስ ማለት ወረቀት አይደለም፤ ቤቱ የሚታወቅ፣ በሩ የሚንኳኳ ሰው ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የጋሽ ደሳለው ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፋቸው ያመለጣቸው ግን ያን ዕለት ነው። ብድግ አሉና፣ «ዋሱ እኔ ነኝ። ይኼ ልጅ ያለውን ባያደርስ ከኔ ትቀበያለሽ» አሏት።

ዶክተሩ ደነገጠ። እንዲህ ያለ ዋስትና በጥናቱ ደንብ እንደሌለ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ማን ሰምቶት። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ «አሚን» ተባለ፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ ተሰለፉ። ጋሽ ደሳለው ያን ቀን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ መሬት አልረገጡም።

ልጆቹ መጀመሪያ በሆዳቸው ያለውን ትል የሚያጠፋውን መድኃኒት ዋጡ፤ ከዚያ ተወጉ፤ ከወራት በኋላ ተደገመላቸው። የጎረቤት ልጅ ከመርፌው በኋላ ትኩሳት ይዞት ተኛ። ሀናን ግን ክንዷም አላበጠ፣ ያን ዕለት እስኪመሽ ገመድ ስትዘል ዋለች። እናቶቹ ከዚህ ተነሥተው ዕጣውን ራሳቸው ፈቱት፤ ያተኮሰው እውነተኛውን አግኝቷል፣ ያላተኮሰው ውሃውን። ከዶክተሩ ጋር የመጣችው ነርስ ጽናት፣ በዚህ አይታወቅም ብትልም የሚቀበላት አጣች። ከሪማ ልጇ የጨው ውሃ እንደደረሳት እርግጠኛ ሆነች። አልከፋትም፤ ዋስ አላታ። ጋሽ ደሳለውን መንገድ ላይ ባገኘቻቸው ቁጥር የልጄን ነገር አደራ ትላቸዋለች፤ እሳቸውም አብሽሪ እያሉ ደረታቸውን ነፍተው ያልፋሉ።

የመጨረሻው መርፌ ሳይደርስ ሥራው ቆመ። ከባሕር ማዶ ገንዘብ ይሰጥ የነበረው ወገን እጁን ሰበሰበ ተባለ። ጽናት ቤት ለቤት እየዞረች ይቅርታ ጠየቀች። ከሪማ ከፋብሪካ እንደወጣች፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ጋሽ ደሳለው ደጃፍ ደረሰች። አልጮኸችም። ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር።

«ወላሂ እኔ እነሱን አላውቃቸውም» አለች። «እኔ የማውቀው እርስዎን ነው።»

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍረው ሐረጎን ወጡ። ደሴ በጉም ተሸፍና ነበር። ፒያሳ የዶክተሩ ቢሮ ያለበትን ፎቅ እያረፉ ወጡና ዶክተሩን ብቻውን አገኙት፤ ዕቃ በካርቶን ይከታል። ክትባቱ የነበረበት ማቀዝቀዣ በሩ ተከፍቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ባዶውን ቆሟል። ጋሽ ደሳለው ለማኝ ሆነው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ለመኑ። ለአንድ ልጅ ብቻ አሉ፤ ሌላው ይቅር፣ ለከሪማ ልጅ ብቻ። ዶክተሩ የቀረው ሁሉ ታሽጎ መወሰዱን ነገራቸው። ሀናን የቱን እንደተወጋችም አያውቅም፤ ዕጣው ያለው ውጭ አገር ነው፣ እስካሁን አልተከፈተም።

«ቢኖርስ ኖሮ?» አሉ ጋሽ ደሳለው። «ያድናት ነበር?»

«አላውቅም ጋሼ። እሱን ለማወቅ ነበር እኮ የጀመርነው።»

ጋሽ ደሳለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዋስ የሆኑት ባለቤቱ እንኳ ለማያውቀው ነገር እንደነበር ገና ያን ጊዜ ገባቸው። ሊቆጡ ፈለጉ፤ የሚቆጡት አጡ። ልጁ አልዋሸም፤ ከመጀመሪያውም ነግሯቸዋል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሳያለቅስ አልቀረም። ያለው ምክር ይኸው ብቻ ነበር፤ ትምህርት ቤት ኪኒን ሲታደል እንዳያመልጣት፣ ከዚያ ውጭ ከወንዙ ማራቅ። ከወንዙ ማራቅ! ቦኖው ውሃ ካቆመ ሰንብቷል፤ ሰፈሩ የሚጠጣውም የሚያጥበውም ከቦርከና ነው። ይህን ለእሱ መንገር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንደሚባለው ሆነባቸውና ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

ለከሪማ ያዩትንም የሰሙትንም አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። በልባቸው የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ ከዋስትናው አውጥቼዎታለሁ እንድትላቸው። አፈሩ እንጂ ሊጠይቋት ነበር። ከሪማ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው።

«እኔ እንግዲህ ፋብሪካ ነው የምውል» አለች። «ውሃ የምትቀዳ እሷ ናት። እርስዎ ያውቃሉ።»

በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ባለዕዳው ሲጠፋ ዋስ ከራሱ ይከፍላል። ጋሽ ደሳለው ከራሳቸው ምን እንዳላቸው ቢያስቡ፣ ያረጁ ሁለት እግሮች ብቻ ሆነው አገኙት። በነጋው ወደ ወንዙ ወረዱና ሀናንን ዳር ላይ ጠበቋት። ጀሪካኗን አንጠልጥላ መጣች፣ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ጀሪካኑን ተቀበሏትና ድንጋይ ላይ እንድትቀመጥ አዘዟት። ከዛሬ ጀምሮ የምቀዳልሽ እኔ ነኝ፣ እግርሽን እንዳታረጥቢ አሏት። ጫማቸውን ሲያወልቁ፣ ሱሪያቸውን ሲሰበስቡ አይታ እፍረት እየያዛት ሳቀች፤ ሽማግሌ ውሃ ሲቀዳ አይታ አታውቅም።

ዳር ዳሩ ጭቃ ነው፤ ጠራ ያለውን ለማግኘት ገባ ማለት ያስፈልጋል። ገቡ። የትሉ ነገር መጣባቸውና በኔ ዕድሜ ምን ያደርገኛል ብለው አባረሩት። ከብዙ ቀን በኋላ ልባቸው ትንሽ ቀለል አለ፤ ቢያንስ ይቺን አንዲት ልጅ አተርፋለሁ አሉ። ጀሪካኑ ሞላ። ይዘውት ሲዞሩ ክብደቱ ጎተታቸው፣ ከእግራቸው ሥር ያለው ድንጋይ ከዳቸው፣ በጉልበታቸው ወደቁ። ሊነሡ ሞከሩ፤ እንቢ አላቸው። ሀናን ከተቀመጠችበት ስትነሣ አዩ።

«አትምጪ» አሉ። «እዚያው ቁሚ ልጄ፣ በናትሽ።»

እሷ ግን ሽማግሌ ወድቆ ቆማ እንድታይ ሆና አላደገችም፤ ከሪማ ናት ያሳደገቻት። ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ውሃው ጉልበቷን አለፈ። በሁለት እጇ ክንዳቸውን ያዘችና «ይደገፉኝ አባባ» አለቻቸው። በሌላ መንገድ መነሣት አልቻሉም። ተደገፏት።