የጥላው ወገን ናና

እኽላቅ የናና ዘይት ማውጫውን ቧንቧ ሲከፍተው የሁለተኛው ጭነት ዘይት ወደ ጣሳው መውረድ ጀመረ። ውኃው ከታች ቀረ፤ የናናው ዘይት ቀስ እያለ ከላይ ተንሳፈፈ። ፉልመቲ ቁጢጥ ብላ ጣሳው ላይ አፍጥጣለች። የሰኔ ፀሐይ አናቷን እየጠበሳት ነው።

ጠዋት የተቀቀለው የመጀመሪያው ጭነት፣ በቦዩ በኩል ካለው የማሳዋ ግማሽ የታጨደው፣ ስድስት ኪሎ ዘይት ሰጥቷል። ይህኛው ደግሞ ከድንበሩ ዛፎች ሥር የመጣው ነው። በሸክም እኩል ነበሩ። እንዲያውም የዛፎቹ ሥር ለምለም፣ ቅጠሉም ሰፋፊ ስለነበር ስታጭደው ደስ ብሏት ነበር።

"በቃ፣ ይኸው ነው፣" አለ እኽላቅ። "ሁለት ኪሎ ተኩል። ከዚህ በኋላ የሚወርደው ውኃ ብቻ ነው።"

ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ጣሳውን አዩ። ባለፈው ዓመት እዚሁ ቦታ፣ እነዚሁ ሰዎች ፊት፣ ፉልመቲ እኽላቅን ሌባ ብላዋለች። ዘይቷ ከጎረቤቶቿ ሁሉ ሲያንስባት ሌላ ምን ታስብ? እሷን ሰምተው አራት ቤቶች ፊታቸውን አዞሩበት። ዘንድሮ የመጀመሪያውን አጨዳ ከቦዩ ማዶ ወዳለው ሌላ ማውጫ ወሰደች፤ እዚያም ያው ሆነ። አፍራ ስትመለስ እኽላቅ አላባረራትም። ከየሸክሙ አንዳንድ ቅጠል በጥሶ አሸት አሸት አደረገና አሸተተ፤ ከዚያ ለየብቻ እንቀቅለው አለ። ግማሽ የመቀቀያ ጋን የሚፈጀው ማገዶ ከሙሉው እኩል ነው፤ በመንደሩ እንዲህ የሚያደርግ ሰው የለም።

አሁን ሁለት ቅጠሎች መዳፉ ላይ አስቀመጠላት። "እዪው እህቴ። ይቺ ትንሿ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጣች ናት፤ ብትነክሻት ታቃጥላለች። ይቺኛዋ ቁመናዋ ያምራል፣ ሆዷ ግን ባዶ ነው። ናና ጥላ ሥር ቅጠል እንጂ ዘይት አይሠራም።"

"ድሮ ይሰጥ ነበር።"

"ድሮ ዛፎቹ ስንት ክንድ ነበሩ?"

ፉልመቲ ትልቁን ቅጠል ከመዳፉ አንስታ አየችው። ዛፎቹን የተከላቸው የባሏ ታላቅ ወንድም ብሪጅላል ነው፤ ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ በድንበሩ ላይ፣ በእሱ በኩል። ለክብሪት ፋብሪካ የሚሸጡ፣ ቀጥ ብለው የሚመዘዙ ዛፎች ናቸው። የበጋውን ትኩስ ነፋስ ይከልሉላታል ብሎ መልእክት ሲልክላት አመስግናዋለች። የእሱ የውኃ ጉድጓድ ሩቅ ስለነበር ሁለት በጋ ሙሉ በባልዲ እያመላለሰች ያጠጣቻቸው እሷ ናት። አንዱ ችግኝ ሲደርቅባት አልቅሳለች።

ብሪጅላል በሞተር ሳይክሉ ደረሰ። ፉልመቲ የሳሪ ልብሷን ጫፍ ከራሷ ላይ እስከ አገጯ ሳበች። በአገሩ ወግ ሴት ለባሏ ታላቅ ወንድም ፊቷን አታሳይም፣ አታናግረውምም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ግቢ ሲኖሩ አንዲት ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

"አንተ ደግሞ ቅጠል እየዳሰስክ ሐኪም ሆንክ አሉ፣" አለው እኽላቅን። አንዳንዶች ሳቁ። "ዓመት ሙሉ ምን ስል ነበር? መሬቱ ደክሟል። ለእኔ ታከራየውና ቁጭ ብላ ትብላ። ማጨድ የለ፣ መሸከም የለ።"

ፉልመቲ ከሳሪዋ ሥር ሆና፣ "ዛፎቹን መቼ እንደሚቆርጣቸው ጠይቅልኝ፣" አለችው እኽላቅን።

ብሪጅላል እስኪደገምለት አልጠበቀም። "ከሦስት ዓመት በኋላ በላት። ዋጋ የሚያወጡት ያኔ ነው። የቆሙት በእኔ ድንበር ነው፤ ጥላቸውን ጠቅልዬ ቤት ልወስደው አልችል።"

አሁን የሳቀ የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ታላቋ ነው፣ ክፉ አያስብላትም ብለው አጉረመረሙ። ፉልመቲ "ስትተክላቸው ይህን ታውቅ ነበር ወይ?" ልትለው ፈለገች። መልሱ ግን ከዓይኗ ፊት ነበር፤ ብሪጅላል የራሱን ናና የሚተክለው ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ነው።

የኪራዩ ወረቀት ተዘጋጅቷል፣ ነገ የጣት አሻራዋን ታሳርፍ ብሎ ሄደ።

ፉልመቲ ሳሪዋን ከፊቷ አነሳች። "ባለፈው ዓመት ያልኩህን…"

"ተይው።"

"እዚሁ ነው ያልኩት፣ እዚሁ ልመልሰው። ሌባ አይደለህም።" ሁሉም እንዲሰሙ ጮክ ብላ ነው ያለችው።

እኽላቅ የደረቀ የናና ገለባ ወደ እሳቱ እየገፋ፣ "አራቱ ቤቶች ግን አልተመለሱም፣" አለ። ቀና ብሎ አላያትም።

ፉልመቲ ወረፋው ውስጥ ወደተቀመጡት ወደ አሮጊቷ ባይጃንቲ ዞረች። ባይጃንቲ ከማንጎ ዛፎቻቸው ሥር እርድ ያበቅላሉ።

"እማማ፣ እርድዎ ፀሐይ ይፈልጋል?"

"እርድ? ጥላ ነው የሚወድ። ግን ዘጠኝ ወር ያስጠብቅሻል ልጄ፤ ዋጋውም የናናን አያህል።"

"ዘር ይተርፍዎታል?"

አሮጊቷ ሞተር ሳይክሉ ወደሄደበት መንገድ አዩ። "ምን ያህል መሬት ልትተክዪ?"

"ጥላው እስከደረሰበት፣" አለችና፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ዘይት የያዘውን ጣሳ ለዘሩ ዋጋ እንዲሆን ወደ አሮጊቷ እግር ገፋ አደረገችው።