ግድግዳ የሌለው ሳሎን

ሣህሉ አዲሱን ቤቱን ሠርቶ ከጨረሰ ወዲህ አንድ ጠላት ብቻ ቀርቶታል፤ ጓሮ ያለችው የአባቱ ክፍል። አባቱ የባቡር ሠራተኛ በነበሩበት ዘመን ከድንጋይ ያቆሟት፣ ግድግዳዋ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ መስኮቷ ትንሽ፣ ጣሪያዋ ከፍ ያለ፣ ያረጀ ኒም ዛፍ ከላይዋ ያጠላባት ክፍል ናት። ሣህሉ እሷን አፍርሶ፣ ዛፉን አስቆርጦ፣ እንደ ፊተኛው ግቢው የፕላስቲክ ሣር ሊያነጥፍበት አስቧል። የፕላስቲክ ሣር ውኃ አይጠጣም፤ እኩለ ቀን ላይ ግን በባዶ እግር አያስረግጥም።

«ለማየት ነው እንጂ ለመርገጥ መች ሆነ» ይላል ሣህሉ።

ሚስቱ ሰርካዲስ አትከራከረውም። ምሳ ከበላች በኋላ ወደ ጓሮዋ ክፍል ሄዳ ጋደም ትላለች። አንድ ቀን ግን እንዲህ አለችው፦

«ሞሐሙድ ሳቢያን ሰፈር ቤት ሊሠራ ነው አሉ። ጥራውና ሳሎንህ ውስጥ ጫቱን ይቃም። እስከ አስር ሰዓት ከተቀመጠልህ ክፍሏን አፍርስ፤ አንድ ቃል አልናገርም። ካልተቀመጠ ግን እሷም ዛፉም ባሉበት ይኑሩ።»

ሞሐሙድ ጎረቤታቸው ነው፤ ከፊራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳል። በሌላ ነገር ሰው ላለማስቀየም ሲል ይዋሽ ይሆናል፤ በበርጫ መቀመጫ ግን ዋሽቶ አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ሱቅ ሁሉ ተከርችሞ ከተማው ጥላ ጥላውን ሲፈልግ፣ ሞሐሙድ ሽርጡን አገልድሞ፣ ጫቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ሣሩ ምንጣፍ መስሎት ጠርዙ ላይ ጫማውን አወለቀ። ከዚያ እስከ በሩ በዚህ ዕድሜው ባልተለመደ ፍጥነት ደረሰ።

«ማሻአላህ» አለ ሲገባ። «ሣህሉ፣ አቦ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ ኤርፖርት?»

«ዘመናዊ ነው። ሳሎኑ፣ ኪችኑ፣ መመገቢያው አንድ ላይ ነው። መሀል ላይ ግድግዳ የሚባል ነገር የለም። ዙሪያውን መስታወት።»

«እሱን እያየሁ ነው።»

የሚያየው መደገፊያ ፍለጋ ነበር። የቃመ ሰው ያውቀዋል፤ ፍራሽ መሬት ላይ፣ መከዳ በክንድ ሥር፣ ጀርባ ግድግዳ ላይ፤ ጨዋታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሞሐሙድ መጀመሪያ መስታወቱን ተደገፈ፤ ጀርባውን ጠበሰውና ቀና አለ። ሶፋው ላይ ወጣ፤ ክሊኒክ ወረፋ የሚጠብቅ መሰለ። መሬት ወርዶ ሶፋውን ሲደገፍ፣ ሶፋው በተወለወለው ሴራሚክ ላይ ተንሸራቶ ሄደ። እሱም ተከተለው።

«ኤሲው አሁን ያቀዘቅዘዋል» አለ ሣህሉ።

መብራት ሄደ።

ሰርካዲስ ውኃ አቀረበች፤ የግድግዳ ሰዓት የሚሰቀልበት ስላልነበረ የእጇን አየችና ወጣች። ስምንት ሰዓት ተኩል።

«እንዴት ነው ታዲያ ቤቱ?» አለ ሣህሉ።

«ወላሂ፣ ቆንጆ ነው» አለ ሞሐሙድ ላቡን እየጠረገ። «እንዳለ ነው የማሠራው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እናንተ የምትቀመጡት የት ነው?»

መልሱን ሳይጠብቅ ተነሳ። በጓሮ በር ሲወጣ የኒሙ ጥላ ተቀበለው። ክፍሏ ውስጥ ፍራሹ ተነጥፏል፣ መከዳው ተደርድሯል፣ ፔርሙዙ ሻይ ሞልቶ ቆሟል። ሰርካዲስ መቼ እንዳዘጋጀችው አልተናገረችም። ሞሐሙድ ጀርባውን ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ለቀቀና ዐይኑን ጨፈነ።

«አሁን ገና ቤት ገባሁ።»

ሣህሉ በሩ ላይ ቆሞ ክፍሏ ከእጁ ስታመልጥ አየ። ሊያኮርፍ ሲል ሞሐሙድ አንድ ቅጠል ቀነጠበና፣

«አንተ ግን ብልህ ሰው ነህ» አለው። «ሌላው የፊቱን ብቻ ሠርቶ ይጨርሳል። አንተ የፊቱን ለመንገደኛ፣ ይቺን ለራስህ። እንዲህ ያሰበ መሐንዲስ አላየሁም። ያንተ ሐሳብ ነው?»

ሣህሉ ሚስቱን አየ። ሻይ ትቀዳለች። አባቱን አሰበ፤ ሰኞ ዛፉን እንዲቆርጥ የቀጠረውን ሰው አሰበ።

«ዲዛይኑ ላይ አለ» አለ።

«ሰማሽ፣ ሰርኬ? ዲዛይኑ ላይ አለ። እንግዲያው ነገ መሐንዲሴን ሜትር አስይዤ እልከዋለሁ። የግድግዳዋን ውፍረት ይለካ፣ ዛፉንም ከነርቀቱ። እንዳትነካኩብኝ።»

«ማን ይነካታል?» አለ ሣህሉ፣ ቅር ያለው መስሎ።

ሰርካዲስ ብርጭቆውን አቀበለችው። «ቁጭ በላ። በገዛ ዲዛይንህ ውስጥ ለምን ትቆማለህ?»

ተቀመጠ፤ ጀርባውንም ደገፈ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መብራት መጣና ከወዲያ፣ ከባዶው ሳሎን፣ ኤሲው ሥራ ሲጀምር ተሰማ። ማንም አልተነሳም።